የርቢዋ ዑድ

ዑድ መማር የጀመርኩት ያለ ዑድ ነው። ገዳሪፍ ገበያ፣ እናቴ ዘይትና ቅመም በምትሸጥበት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለት ሚስማር መትቼ፣ የጆንያ መስፊያ ክር በመሀላቸው ወጥሬ፣ ገዢ ሲጠፋ እሱን ስነካካ እውል ነበር። የሚወጣው ድምፅ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ዓይነት ነው፤ ለኔ ግን ሙዚቃ ነበር። እናቴ ሰንበትበት ብላ ታገሠችኝ። አንዲት ገዢ እርድ እያስመዘነች "መደርደሪያችሁ ምን ሆኖ ነው የሚያቃስተው?" ብላ የጠየቀች ዕለት ግን ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

እንዲህ ያሳበደኝ ቅዳሜ ነው። ከካርቱም በጦርነቱ ተፈናቅለው የመጡ አንድ የሙዚቃ አስተማሪ በሰፈራችን የወጣቶች ክበብ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ያስተምሩን ጀመር። ከቤታቸው ይዘው ያመለጡት አንድ ዑድ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ክፍሉን ሞልተን እስከ በሩ ድረስ እንደረደራለን። ዑዱ ከጭን ወደ ጭን ሲዞር እኔ ዘንድ ይደርስና፣ ጣቴ ገና ቦታውን ሳያገኝ "ያላ፣ ለቀጣይዋ" ይባላል። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅኩት ጉርሻ ከአፌ ሲነጠቅ ነው የሚመስለኝ። አስተማሪው ሁኔታዬን አይተው መሆን አለበት፣ አንድ ቀን "ቤት ውስጥ የምትለማመጅበት ዑድ ፈልጊ፣ ግዢ አላልኩሽም፣ ተከራዪ" አሉኝ።

ለእናቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። ጎንደር ገጠር ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ ለሷ የሚከራይ ነገር ድንኳንና በቅሎ ነው። ቢሆንም የኔ ነገር አይሆንላትም። አፏ ሲቆጣ እግሯ ይሄድልኛል። በማግስቱ ሱቁን ቀድማ ዘጋችና "ነይ፣ ሐጂ ዘንድ እንሂድ" አለችኝ።

ሐጂ የምንላቸው ጀለቢያ የሚሰፉ የጎንደር ሽማግሌ ናቸው። ሱቃቸው ከእኛ ሁለት መታጠፊያ አልፎ ነው። ከስፌት መኪናቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ራሳቸው በሰፉት አረንጓዴ ከረጢት ውስጥ አንድ ሆደ ትልቅ ነገር ተንጠልጥሎ ይኖራል። በወጣትነታቸው ከገላባት እስከ ከሰላ ሐጂ ዑድ ያልተጫወቱበት የሐበሻ ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር አሉ። አሁን የግራ እጃቸው ጣቶች አይታጠፉም። ጨርቅ ለመግፋት አላነሱም፤ ክር ለመያዝ ግን እምቢ ብለዋል።

እናቴ የመጣንበትን ስትነግራቸው ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ አላከራይም አሉ። አንድ ጊዜ ለአንድ ጎረምሳ በገንዘብ አከራይተው ነበር። ልጁ ወር በገባ ቁጥር ሳያዛንፍ ይከፍላል፤ ዑዷን ግን ቤቱ ወስዶ እንደገና ሰቀላት። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ። "ገንዘብ የከፈለ ሰው ሌላ ዕዳ ያለበት አይመስለውም" አሉ። ከዚያ መኪናውን አቆሙና እናቴን ቀና ብለው አዩዋት።

"በየርቢ ተሆነ ግን እሰጣለሁ።"

የእናቴ ፊት በራ። እንዲያ ስትስቅ ያየኋት ሰሊጥ በረከሰበት ዓመት ብቻ ነው። እኔ ገዳሪፍ የተወለድኩ፣ ላም በሩቁ የማውቅ ልጅ፣ በመሀላቸው እንደ ባዳ ቆምኩ። እናቴ እዚያው አስረዳችኝ። በአገሯ ላም ያለው ሰው ማርባቱ ካልተመቸው ላሚቱን ለሌላ ሰው በየርቢ ይሰጣል። ተቀባዩ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ወተቱን ይጠጣል። ጥጃ ሲወለድ ባለላሙና አርቢው ይካፈላሉ። ገንዘብ የሚባል ነገር በመሀል አይገባም፤ የሚገባው ምስክር ነው።

ሐጂ ደግሞ የዑዷን ሥርዓት ነገሩኝ። የሰው ዘፈን የምጫወተው ወተቷ ነው፣ እንደ ልቤ ልጠጣ። የተበጠሰ ክር መተካት፣ ከአቧራና ከፀሐይ መጠበቅ መኖዋ ነው። ጥጃዋ ግን ሌላ ነው። ጥጃዋ ከማንም ያልሰማሁት፣ ከኔ የወጣ ዜማ ነው። እስከ ዐረፋ አንድ ጥጃ አምጥቼ ላሳያቸው ይገባል። ካላመጣሁ ዑዷ ዶካ ለሚኖረው የሰርግ ተጫዋች ትሄዳለች፤ እሱ በየዓመቱ ይለምናቸዋል።

በጣም ስለ ፈራሁ ለምን ይህን ሁሉ እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

"በኔ እጅ ስንት ዘመን ታለበች" አሉ። "ሰርገኛው ሁሉ ጠጣ። አንድ ጥጃ ሳታሳየኝ ጣቴ ደረቀ።"

ምስክር ያስፈልግ ስለነበር ከሱቁ ፊት ሻይ የምትሸጠውን ሱዳናዊት ጠራናት። ከሐበሻ ጋር ስትውል ኖራ አማርኛ ትሰማለች። ሐጂ የከብት ምልክት እንደሚነገር የዑዷን ምልክት ቆጠሩ፤ ሆዷ ላይ ጠባሳ አለባት፣ ከመቃኛዎቿ አንደኛዋ ከሌላ እንጨት የተተካች ናት፣ አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል ይላል። እናቴም ተቀባይ እንደሚያደርገው ሆዷን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ደህና ናት አለች። ሻይ ሻጯ ስለ ላም፣ ስለ ወተት፣ ስለ ጥጃ ያን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ፣ አንገቷን አስግጋ የሱቁን ጓሮ ቃኘችና "አል-በገራ ወይን?" አለች። ላሚቱ የታለች ማለቷ ነው። ሐጂ ዑዷን አሳዩዋት። ራሷን ይዛ ወደ ማንቆርቆሪያዋ ተመለሰች፤ ምስክርነቷን ግን አልሰረዘችም።

እንዲህ ሆና ዑዷ ቤታችን ገባች። ደስታዬ መላ ቅጡ ጠፋ። ለሷ አንገረቤን፣ የጠፍር አልጋዬን፣ ለቅቄ እኔ ምንጣፍ ላይ ተኛሁ። እናቴ እያሾፈች ብትስቅብኝም የአንገረቡን ጠፍር ያጠበቀችው እሷ ናት። ከሱቅ ስንመለስ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ "እስቲ ዛሬ ምን ታለበ?" ትለኛለች። ቅዳሜ የተማርኩትን እጫወትላታለሁ። ያወቀችው ዘፈን ከሆነ ባዶ የዘይት ጀሪካን አንስታ ከበሮ ታደርገዋለች። የጎረቤት ሴቶች በአጥር ላይ ብቅ ይሉና የሚፈልጉትን ያዛሉ። ወተቱ ሞልቶ ፈሰሰ። ክበቡ ውስጥ ዑዱ ወደኔ ሲመጣ አሁን ጣቴ ቦታውን ያውቀዋል፤ ለጎኔ ልጅ ሳቀብላት እንኳ አልቆጭም።

ጥጃው ግን አልመጣም። አዲስ ነው ብዬ ያቀረብኩትን ሁሉ እናቴ ባለቤት ታገኝለታለች። ፈራጅነቷ ለጠላትም አይስጥ። አንዱን ዜማ "ይኸ የኔ ሰርግ ላይ የተዘፈነው አይዶለም?" አለችኝ። ሌላውን የውሃ ሻጩ ጥሪ ነው አለች፤ እውነቷን ነው፣ አህያውን ሲነዳ የሚያንጎራጉረው ነበር። አንዱን ለሁለት ቀን ሳቀናብር ከርሜ ብጫወትላት፣ እጇን እያጨበጨበች በስልክ የሚያስጠብቁን ጊዜ የሚሰማው ሙዚቃ ነው አለችኝ። ተናድጄ ዑዷን አስቀመጥኩና ለእናቴ ጀርባዬን ሰጠኋት። ንዴቴ በሷ አልነበረም። ውስጤ የሰው ነገር ብቻ ተከማችቶ፣ የራሴ አንድም ነገር የሌለ መሰለኝ። ዐረፋም እየቀረበ ነበር።

ጥጃው ያልጠበቅኩበት ቦታ ተወለደ። ዘይታችንን የምናመጣው ከግመል መጭመቂያ ነው። ዓይኗ የተሸፈነ ግመል ትልቁን የእንጨት ሙቀጫ ስትዞር፣ ውስጡ የቆመው ግንድ ሰሊጡን ይጨምቃል። አንድ ቀን ጀሪካኔ እስኪሞላ ጥላው ውስጥ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ግንዱ ሦስቴ በረጅሙ ያቃስታል። ከዚያ ግመሏ ሁልጊዜ አንዲት ቦታ ላይ ትቆማለች፤ እዚያ ስትደርስ ባለቤቱ ከጭማቂው የቀረ ፋጉሎ ያጎርሳት ስለነበር ለምዶባታል። ሳያጎርሳትም ቆማ ትጠብቃለች። ጸጥ ይላል። ሰውየው በምላሱ ጠቅ ያደርግላታል፤ ግንዱ ደግሞ ማቃሰት ይጀምራል። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ በዚያ ላይ አንድ ዜማ አፌ ውስጥ ገባ። የኔን አንጉርጉሮ ስሰማ ደነገጥኩ። ጀሪካኑን እዚያው ትቼ ቤቴ ሮጥኩ።

ዑዷን አንስቼ ተጫወትኩት። ሦስት ረጃጅም ቅላፄ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ጠቅ፣ ከዚያ መሄድ። ማታ ለእናቴ ደገምኩላት። ጀሪካኑ የት ሄደ ልትል የከፈተችውን አፏን ዘጋች። ከጎንደር ጀምራ እስከ ገዳሪፍ የሰማችውን ዘፈን ሁሉ ስታገላብጥ ፊቷ ላይ ይታየኛል።

"የማን ነው?" አለችኝ በመጨረሻ።

"የኔ ነው፣ ዩማ" አልኳት፣ የሱዳን ልጆች እናታቸውን እንደሚጠሩት።

አንገረቡ ላይ፣ ከዑዷ ቦታ ላይ ቁጭ አለች። አስደገመችኝ። እንደገና። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት እንዳይሰማው፣ ዓይን እንዳይገባው ብላ በር እየዘጋች ነው ያለማመደችኝ።

የዐረፋ ማግስት ጥጃዬን ላሳይ ቀጠሮ ያዝን። ጠዋት ጎረቤት ቤት ጸጉሬን ስሠራ እናቴ ቤት ውስጥ ጉድ ጉድ ትላለች። ስመለስ ዑዷን ከነከረጢቷ አቀበለችኝ፤ ፊቷ ላይ አንድ ፈገግታ አለ። ሪክሻ ውስጥ ሰሊጥ ሰሊጥ ሸተተኝ። ምንም አልጠረጠርኩም። እናቴ ሁልጊዜ ሰሊጥ ሰሊጥ ነው የምትሸተው።

ሐጂ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሜትራቸውን ግን እንደ ልማዳቸው አንገታቸው ላይ ጥለው ይጠብቁናል። ምስክራችን ሻይ ሻጯ ብስኩት ይዛ መጥታለች። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የማላውቀው ሰው ባዶ የዑድ ከረጢት ጭኑ ላይ አጥፎ ተቀምጧል፤ የዶካው ተጫዋች ነው። ለበዓል ልጠይቃቸው ነው የመጣሁት አለ እንጂ፣ ከረጢቱ የመጣበትን ይናገራል።

ዑዷን ሳወጣት አንጸባረቀች። ጠባሳዋ እንኳ ያበራል። ሻይ ሻጯ ማሻአላህ አለች። ልቃኛት መቃኛውን ሳጠብቅ ክሩ ወጣ ወጣ አለልኝ። እጄን ስለቅ ግን መቃኛው በራሱ ተመለሰ፤ ድምፁ ቁልቁል ተንሸራተተ። ሌላውን ሞከርኩ፤ እሱም ተንሸራተተ። አንዱን ሳነሣ ሌላው ይወርዳል። የዶካው ሰው ከረጢቱን ከጭኑ ላይ ዘርግቶ አቧራውን አራገፈ። ላለቅስ ነበር፤ አንጀቴ ግን ሳቅ ይዞ መጣ። ከንፈሬን ነክሼ አፈንኩት።

ሐጂ መቃኛዋን በጣታቸው ነኩና ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ።

"ሰሊጥ ነው" አሉ።

"የመጀመሪያው ጭማቂ ነው" አለች እናቴ ኮራ ብላ። "ለሰው እንኳ አልሸጠውም።"

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በአገሯ የየርቢ ላም ባለቤቷ ፊት ስትቀርብ ከስታ አትታይም፤ ጸጉሯ አብረቅርቆ፣ ጎኗ ሞልቶ መታየት አለበት፤ አለዚያ አርቢው ስሙ ይጠፋል። እናቴ ደግሞ በሕይወቷ ለሁሉ ነገር መድኃኒቷ የሰሊጥ ዘይት ነው። ለበር ማጠፊያ፣ ለሕፃን ጀርባ፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ለኔ ጸጉር። ላሚቱን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አሽታታለች፤ ክር የሚይዙትን መቃኛዎች ሳይቀር።

ሐጂ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተቆጡ ብዬ ስፈራ ሳቅ ነው። እሳቸው ሲስቁ የኔ የታፈነው ሳቅ አመለጠኝ፤ እናቴ ምን ያስቃችኋል እያለች እሷም ሳቀች። ሻይ ሻጯ ምክንያቱ ሳይገባት ብስኩቱን አስቀምጣ ሳቀች። ያልሳቀው የዶካው ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ ሐጂ መሳቢያቸውን ከፍተው የልብስ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔ አወጡ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰጡኝና መቃኛዎቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ ወለወልኳቸው፤ እሳቸው ጠመኔውን ቀቡልኝና መልሼ ሰካኋቸው። አሁን ያዙ። ከሌላ እንጨት የተተካችው አንደኛዋ ብቻ ዘይቱን ጠጥታ ኖሮ ጠመኔም አልበጃት፤ ቀስ እያለች ትለቃለች። እኔ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለኝ።

እናቴ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለችና ጎንበስ ብላ መቃኛዋን በአውራ ጣቷ ጠረቀመች። ስንት ዘመን የዘይት በርሜል ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ጣት ነው።

"በይ ምቺ" አለችኝ። "እኔ እያለሁ የትም አትሄድም።"

እንዲህ ሆነን ተጫወትኩ። የእናቴ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ነው። ሦስቱን ረጃጅም ቅላፄዎች አልኩ። ግመሏ የምትቆምበት ጋ ስደርስ ዝም አልኩ። ሱቁ ውስጥ ሁሉም የጨረስኩ መሰላቸው፤ ሻይ ሻጯ እጇን ለጭብጨባ አነሣች። ጠቅ አድርጌ ስቀጥል እጇ አየር ላይ ቀረ። እናቴ ላብ ሲወርዳት አንዲት ጠብታ ዑዷ ላይ ወረደች፤ ፍንክች ግን አላለችም። የሐጂ የደረቁት ጣቶች በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ሊታጠፉ ሲሞክሩ አየሁ። ከዚያ በኋላ ወደሳቸው አላየሁም፤ ባያቸው ኖሮ አልጨርሰውም ነበር።

ስጨርስ ሐጂ የሜትራቸውን ጫፍ አንስተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ጥጃ ናት" አሉ።

እናቴ መቃኛዋን ለቅቃ እጇን እያፍታታች ቀና አለች። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ ክርክር ገጠመች። የመጀመሪያ ጥጃ የባለላሙ ነው አሉ ሐጂ። በየትኛው አገር አለች እናቴ፤ ያበላን እኛ፣ አንገረብ የለቀቅን እኛ፣ መቃኛዋን ይዤ ያዋለድኩ እኔ፤ ግማሽ አለን። የጎንደር ወረዳ ሁሉ እየተጠራ፣ የማን አገር ሥርዓት ምን እንደሚል ተዘረዘረ። አንድ ዜማ ጅራቷ በዚህ ጭንቅላቷ በዚያ ሲጎተት ስሰማ ከደስታ ብዛት ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ስለ ሌላ ነገር አይደለም፤ የኔ በሆነ ነገር ላይ ሰው ሲጣላ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ፍርዱን የሰጠችው ሻይ ሻጯ ናት። ሁለቱን በእጇ ዝም አሰኝታ፣ ጥጃ ጡት ሳይጥል ከእናቱ አይለይም፤ ኻላስ፣ አበቃ አለች። ስለዚህ ጥጃዋ የሁለቱም ናት፣ ዑዷም ከልጂቱ ጋ ትቆይ። የዶካው ሰው ከረጢቱን እንደገና አጠፈ። ጨዋ ሰው ነው፣ ሲሄድ እጄን ጨብጦ ዜማዋን እንዳስጠናው ለመነኝ። ሲጣሉ የነበሩት እናቴና ሐጂ እኩል "አይሆንም" አሉት።

ከበዓሉ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሰሞን ጀሪካን ይዤ በሐጂ ሱቅ በኩል አለፍኩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይሰፋሉ። መኪናው ይሽከረከራል፣ እሳቸው ያንጎራጉራሉ። እግሬ ቆመ። የኔ ዜማ ናት። ሦስት ረጅም፤ ከዚያ እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሡ፣ መኪናው ጸጥ አለ፣ በምላሳቸው ጠቅ አደረጉ፣ ቀጠሉ። መጨረሻዋን ግን ተሳስተዋል። እኔ ወደ ታች የማወርዳትን እሳቸው ወደ ላይ፣ ወደ ድሮ የሰርግ ዘፈን ዓይነት አወጧት። አንገቴን አስግቼ ላርማቸው አንድ እግሬን ሱቁ ውስጥ አስገባሁ።

ያኔ ግማሹ የሳቸው መሆኑ ትዝ አለኝ። ጀሪካኑ እንዳይንኳኳብኝ በሁለት እጄ አቅፌ፣ በቀስታ ወጣሁ።